ስለ ጠፍጣፋ ምድርና ስለ ሴራ ወሬ ጥበባዊ ፎቶ እንዴት ይሠራል? ጅማ ላይ ለምትሠሩ ዝርዝር መመሪያ

«ምድር ጠፍጣፋ ናት» በሚለው እምነትና በሴራ ወሬዎች ላይ ተከታታይ ፎቶ የሚጀምሩ ልጆች እየበዙ ነው። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ በሁለት መንገድ ይበላሻል። አንዱ ማላገጥ ነው። ፎቶው በሚያምነው ሰው ላይ ይስቃል፣ ተመልካቹም አብሮ ስቆ ይሄዳል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ፎቶው በጣም ይሳካና ራሱ «ማስረጃ» ተብሎ ይዞራል። ቴሌግራም ላይ አንዴ ከተለቀቀ ከሥሩ የጻፋችሁት ማብራሪያ ይቀራል፣ ምስሉ ብቻውን ይሄዳል።

ስለዚህ አንድ ሕግ ያዙ። ፎቶው እንዴት እንደተሠራ የሚናገረው ነገር ፎቶው ውስጥ ይግባ፣ ከሥሩ አይጻፍ። ገመዱ ከነምስማሩ ይታይ። መለኪያው ይታይ። የረዳታችሁ እጅ ይታይ። ተመልካቹ መጀመሪያ ዓይኑ ይታለል፣ ከዚያ ያታለለውን ነገር እዚያው ፍሬም ውስጥ ያግኘው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ በዚህ ሕግ የሚሄዱ ናቸው።

ምድር ክብ ናት። በእሱ ላይ እዚህ አንከራከርም። ሥራችን ዓይንና ካሜራ ሰውን እንዴት እንደሚያሳምኑ ማሳየት ነው።

## ደረጃ 1፦ ካሜራ ሳትነኩ ጥያቄውን ጻፉ

1. የምትጠይቁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ አስፍሩ። «ቀጥ ያለ መስመር ካሜራ ውስጥ ለምን ይጎብጣል?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ፎቶ ይወጣዋል። «ሰው ለምን እንዲህ ያለ ነገር ያምናል?» ሰፊ ነው፤ አጥብቡት። «ሰዎች ለምን ሞኝ ሆኑ?» ከሆነ ጥያቄያችሁ፣ ይህን ሥራ አትጀምሩ።

2. ወሬውን ምረጡ። ለፎቶ የሚመቹት የዓይን ጉዳይ የሆኑት ናቸው፦ የምድር ቅርጽ፣ የፀሐይ ርቀት፣ «የጨረቃው ጉዞ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የተቀረጸው» የሚለው።

3. በክትባት፣ በብሔርና በሃይማኖት ላይ የሚናፈሱ ወሬዎችን ተዉ። እነዚህ ላይ የተሠራ ፎቶ ከእጃችሁ ካመለጠ ሰው ይጎዳል። ጥበብ ነው ብሎ መከራከር የተጎዳውን አይመልስም።

## ደረጃ 2፦ ዕቃ፣ ቀን፣ ፈቃድ

የሚያስፈልጋችሁ፦ በእጅ የሚስተካከል ካሜራ ወይም «ፕሮ» ሞድ ያለው ስልክ፣ የማይነቃነቅ ትሪፖድ፣ 5 ሜትር ሲባጎ፣ ምስማር፣ ሜትር፣ የግንበኛ ውሃ ልክና ቱምቢ። ውሃ ልክና ቱምቢውን የሚያውቃችሁ ግንበኛ ያውሳችኋል። ያለ እነሱ ግን ወደ ቀጣዩ አትሂዱ። ዘንበል ያለ ካሜራ የሠራችሁትን ሁሉ ጥርጣሬ ውስጥ ይከታል።

ስለ ቀን፦ ጅማ ዝናብ አይጠፋትም። ሰማይ የሚፈልጉትን ደረጃዎች ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ አድርጓቸው። ደረጃ 5 ብቻ የራሱ ቀን አለው፤ እዚያ ስንደርስ እናየዋለን። በክረምት የቤት ውስጥ ሥራዎቹን ጨርሱ።

ስለ ቦታ፦ ጅማ ዙሪያዋን በኮረብታ የታጠረች ናት። የባሕር አድማስ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር አታገኙም። አትፈልጉትም። ሲባጎው የተዘረዘረው ለዚህ ነው።

ስለ ፈቃድ፦
- ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ውስጥ ወይም ግቢው ላይ ትሪፖድ ከመዘርጋታችሁ በፊት እዚያ ያሉትን ኃላፊዎች ጠይቁ። ግድግዳና እንጨት ላይ ምንም ነገር አትምቱ፣ አታስሩ።
- አውሮፕላን ማረፊያ፣ ግድብ፣ የኃይል ማመንጫና የጸጥታ ተቋማት ላይ ካሜራ አታነጣጥሩ።
- ድሮን ያለ ፈቃድ አታስነሡ። ለዚህ ሥራ አያስፈልግምም። ከአውሮፕላን መስኮትም ጉብጠት ለማሳየት አትሞክሩ። የመስኮቱ ፕላስቲክ ራሱ መስመር ያጣምማል፣ የአገር ውስጥ በረራም ጉብጠቱ ደህና እስኪለይ ድረስ ከፍ አይልም።

## ደረጃ 3፦ አንድ ሲባጎ፣ ሦስት ቅርጽ

ይህን መጀመሪያ ሥሩ። ቀላል ነው፣ ሌንሳችሁንም ያስተዋውቃችኋል።

1. ጠቆር ያለ ግድግዳ ላይ 3 ሜትር ነጭ ሲባጎ በሁለት ምስማር ወጥሩ። በውሃ ልክ አስተካክሉ።
2. ካሜራውን በሰፊው ሌንስ አድርጉ። ስልክ ከሆነ 0.5 ላይ። ሲባጎው ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከነምስማሮቹ እንዲገባ ተጠጉ ወይም ራቁ።
3. ሲባጎው ልክ በፍሬሙ መሐል ሲያልፍ አንሡ። ቀጥ ብሎ ይወጣል።
4. ካሜራውን ዝቅ አድርጉት፤ ሲባጎው ወደ ፍሬሙ ላይኛ ጠርዝ ይሄዳል። አንሡ። ወደ ላይ ይጎብጣል፣ «ክብ ምድር» ይሆናል።
5. ካሜራውን ከፍ አድርጉት፤ ሲባጎው ወደ ታችኛው ጠርዝ ይወርዳል። አንሡ። እንደ ሳህን ይጎደጉዳል።

ሦስቱን ጎን ለጎን አትሙ። ከፊኛ ላይ በተቀረጹ ቪዲዮዎች አድማሱ አንዴ ሲጎብጥ አንዴ ሲጎደጉድ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ክብነትን ለማሳየት እንዲህ ያለ ቪዲዮ የሚያቀርብም፣ ጠፍጣፋነትን ለማሳየት የሚያቀርብም ሌንሱን እንጂ ምድርን እያሳየ አይደለም። ይህን በደንብ ያዙት። የእናንተን ወገን የሚደግፍ የተጣመመ ፎቶም የተጣመመ ፎቶ ነው።

ካልሠራ፦ ሦስቱም ቀጥ ካሉ ስልካችሁ ራሱ እያስተካከለ ነው። ካሜራ ሴቲንግ ውስጥ የሌንስ ማስተካከያውን አጥፉት። የማይጠፋ ከሆነ ርካሽ አክሽን ካሜራ ተዋሱ። በሦስቱም ፎቶ መሐሉ ከረገበ ደግሞ ችግሩ የሲባጎው ነው። አጥብቁት፣ ማስመሪያ አስጠግታችሁ አረጋግጡ።

## ደረጃ 4፦ ምጣድና አክንባሎ

የጠፍጣፋ ምድር ሥዕል ክብ ጠፍጣፋ ሰሌዳና ከላይ የተደፋበት ጉልላት ነው። ይህ ነገር እያንዳንዱ ቤት ጓዳ ውስጥ አለ። ከመላው ሥራ ሰው ቆሞ የሚያየው ይህን እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ፣ ስለዚህ አትቸኩሉበት።

1. እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን ጠይቁና ቀድማችሁ ድረሱ። ጋጋሪዋን እናታችሁም ብትሆን አስፈቅዱ። ሊጥ ፎቶ አንሺ አይጠብቅም። እሷ በራሷ ፍጥነት ትጋግር፣ እናንተ ተከተሏት።
2. ካሜራውን ቀድማችሁ ጓዳ ውስጥ አስቀምጡት። ከብርድ ወደ ሙቀት በድንገት የገባ ሌንስ ጭጋግ ይለብሳል።
3. መስኮቱ ወይም መብራቱ ከምጣዱ ጀርባ በጎን በኩል ይሁን። ከጀርባው ደግሞ ጨለም ያለ ነገር ይኑር። እንፋሎት የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣና ጀርባው ሲጨልም ብቻ ነው። ከፊት ፍላሽ ካበራችሁ ይጠፋል።
4. ማሟሻዋን ለብርሃን ሙከራ ተጠቀሙባት። የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት 1/200 ሰከንድ አካባቢ ጀምሩ። እንፋሎቱ እንደ ጭስ ከተድበሰበሰ ፍጥነት ጨምሩ።
5. ካሜራውን ከምጣዱ ጠርዝ ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጉ። ከአናት ካነሣችሁት እንጀራ ይሆናል። ከጠርዙ ካነሣችሁት ሜዳ ይሆናል፤ ዓይኑ ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ እስከ ዳር ይዘልቃል።
6. አክንባሎው አራት ጣት ያህል ከፍ ሲል አንሡ። እንፋሎቱ በዳር በዳሩ እየፈሰሰ ይወጣል። ያ ቅጽበት ከሁለትና ሦስት ሰከንድ አይበልጥም። ተከታታይ መተኮሻውን ተጠቀሙ።
7. አክንባሎውን የያዘው እጅና አጠገቡ ያለው ማሰሻ ፍሬም ውስጥ ይቅር። ሕጋችን እዚህ ላይ የሚፈጸመው በዚህ ነው። እጁን ቆርጣችሁ ካወጣችሁት ፎቶው በነጋታው የሌላ ነገር «ማስረጃ» ሆኖ ይመጣል።

## ደረጃ 5፦ ጥላ የሌለው ቀትር

ጅማ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7.7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፦ ሚያዝያ 1 እና ነሐሴ 28 አካባቢ። ሰዓቱም ከቀኑ 6፡30 እስከ 6፡35 ባለው መሐል ነው። ነሐሴ ደመና ስለሚበዛበት ሚያዝያን ያዙ። ከቀኑ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ወይም ዘግይታችሁ ብታነሡ 1 ሜትር ዱላ የሚጥለው ጥላ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል አይሞላም። ስለዚህ ደመና ከገጠማችሁ በማግስቱ ተመለሱ።

1. ሲሚንቶ ወለል ወይም ነጭ ቀለም የተቀባ ኮምፔንሳቶ ፈልጉ። በውሃ ልክ አስተካክሉ።
2. 1 ሜትር ዱላ አቁሙ። በቱምቢ ከሁለት አቅጣጫ ለኩት። ትንሽ ያዘነበለ ዱላ በዚህ ቀን የሌለ ጥላ ይፈጥራል።
3. አጠገቡ የጅማ ባለ ሦስት እግር ባርጩማ አስቀምጡ። ጥላው ሙሉ በሙሉ ከሥሩ ሲሰበሰብ ባርጩማው የተንሳፈፈ ይመስላል።
4. ትሪፖዱን በጎን በኩል ዝቅ አድርጋችሁ ትከሉ። በላይ በኩል ካጎነበሳችሁ የራሳችሁ ጥላ ይገባል።
5. ከ6፡00 እስከ 7፡00 በየ5 ደቂቃው አንሡ። በ5 ደቂቃ ጥላው ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል። ሜትሩ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ ይታይ።

አሁን ሥራውን ከጅማ አውጡት። መቀሌ የሚኖር ጓደኛ በዚያው ቀን 1 ሜትር ዱላ ያቁምና አጭሩን ጥላ ያንሣ። 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያገኛል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አለቀ፣ ምድር ክብ ናት» ብሎ ያቆማል። አታቁሙ። የሚከራከራችሁ ሰው «ምድር ጠፍጣፋ ሆና ፀሐይ ቅርብ ብትሆንም ይኸው ጥላ ይገኛል» ይላችኋል። ትክክል ነው። በሁለት ዱላ ብቻ ስትሰላ ፀሐይ 6,350 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብትሆንም ሒሳቡ ይገጥማል።

የሚለየው ሦስተኛው ዱላ ነው፣ ያውም ሩቅ ያለ። ፍራንክፈርት የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ደውሉለት። በዚያው ቀን የሚያገኘው አጭሩ ጥላ ምድር ክብ በመሆኗ 92 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። በዚያ ቅርብ ፀሐይና በጠፍጣፋ ምድር ቢሆን 74 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መሆን ነበረበት። የ18 ሴንቲ ሜትር ልዩነት በዓይን ይታያል። ሦስቱን ፎቶዎች በአንድ መጠን አትሟቸው፤ ዱላዎቹ እኩል ቁመት ይኑራቸው።

ተጠንቀቁ፦ ሦስቱም ሰዎች በአንድ ሰዓት አያንሡ። እያንዳንዱ በራሱ ከተማ ጥላው የሚያጥርበትን ቅጽበት ነው የሚፈልገው። ሰዓቱን እንዳይገምቱ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል በየ5 ደቂቃው እንዲያነሡ ንገሯቸው።

## ደረጃ 6፦ ፀሐይ ማታ ታንሳለች?

በጠፍጣፋ ምድር እምነት ፀሐይ አትጠልቅም፤ እየራቀች ነው የምትጠፋው። ነገሩ እንዲያ ቢሆን ወደ ማታ የፀሐይ ክበብ ከቀትሩ ከግማሽ በታች ማነስ ነበረበት። ይህን ማንም ሰው በአንድ ቀን ማየት ይችላል።

1. የፀሐይ ፊልተር ከሌንሱ ፊት አጥብቃችሁ እሰሩ። ያለ ፊልተር አትሞክሩ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ግርዶሽ ብዙዎች የተጠቀሙበት የራጅ ፊልም ዓይን አይጠብቅም። ጥቁር መነጽርም እንዲሁ።
2. ዙሙን አንድ ቦታ አድርጉና በፕላስተር ለጥፉት፣ እንዳይንቀሳቀስ።
3. በቀትር አንድ፣ ወደ ኮረብታው ልትገባ ስትል ሌላ አንሡ።
4. ሁለቱን በወርድ አነጻጽሩ፣ በቁመት አይደለም። ወደ አድማስ ስትቀርብ አየሩ ብርሃኑን ስለሚያጥፈው ክበቡ ትንሽ ተጨፍልቆ ይታያል። ወርዱ ግን እኩል ነው።

ፊልተር ካላገኛችሁ ጨረቃን በዚሁ መንገድ አንሡ። ስትወጣ ትልቅ የምትመስለው ጨረቃ አናት ላይ ካለችው ጋር እኩል ሆና ትወጣለች። ሰው ይህን ሲያይ ክፉኛ ይደነቃል።

## ደረጃ 7፦ ከዋክብቱ የት ሄዱ?

«ጨረቃ ላይ በተነሡት ፎቶዎች ሰማዩ ላይ ኮከብ የለም፣ ስለዚህ ስቱዲዮ ነው» የሚለውን በአንድ ነጭ ጋቢ መመለስ ይቻላል። ጨረቃ በሌለችበት የበጋ ማታ ከከተማው መብራት ራቅ በሉ። ጅሬን አቅጣጫ ይሻላል። ጋቢ የለበሰ ሰው አቁሙና በጠንካራ የእጅ መብራት አብሩበት። መጀመሪያ ጋቢው በትክክል እንዲታይ አድርጋችሁ አንሡ፦ ሰማዩ ጥቁር ይወጣል፣ አንድም ኮከብ የለም። ቀጥሎ መብራቱን ሳታጠፉ፣ ካሜራውን ሳትነቀንቁ፣ 15 ሰከንድ ክፈቱትና አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 3200 አድርጉ፦ ከዋክብቱ ይመጣሉ፣ ጋቢው ደግሞ ነጭ እሳት ይሆናል። ጠፈርተኞቹ የቆሙት በጨረቃ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነበር። መብራት የያዘው ረዳታችሁ በሁለቱም ፎቶ ውስጥ ይግባ።

## ደረጃ 8፦ ውሃው ላይ

ከባዱ ደረጃ ይህ ነው። ትልቅ ዙም ያለው ካሜራ ካላገኛችሁ ዝለሉት። ጠፍጣፋ ምድር አማኞች ዘንድ ኒኮን ፒ 1000 የሚባለው ካሜራ የሚወደደው እስከ 3000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዙም ስላለው ነው። እናንተም የምትፈልጉት እንዲያ ያለ ነው።

ለምን ከባድ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ነገር ይበቃል። እንግሊዝ አገር ኦልድ ቤድፎርድ በሚባል ቀጥ ያለ ቦይ ላይ የጠፍጣፋ ምድር ሰባኪው ሳሙኤል ሮውቦታም በ1838 እ.ኤ.አ. ዓይኑን ከውሃው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ወደ 10 ኪሎ ሜትር የምትርቅ ጀልባ አየሁ፣ ስለዚህ ውሃው ጠፍጣፋ ነው አለ። በ1870 የተፈጥሮ ተመራማሪው አልፍሬድ ራስል ዋላስ እይታውን 4 ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ መሐል ላይ ምልክት ጨመረ፤ ጉብጠቱ ታየ። በ1904 ደግሞ የጠፍጣፋ ምድር አማኟ ሌዲ ብላውንት ፎቶ አንሺ ቀጥረው እዚያው ቦይ ላይ የሩቅ ነጭ ጨርቅ አስነሡ። መታየት ያልነበረበት ጨርቅ ፎቶው ላይ ታየ። ለዚህ ማጭበርበር አያስፈልግም። ውሃው ገጽ ላይ ያለው አየር ከላዩ ካለው ሲቀዘቅዝ ብርሃን ታጥፎ ከጉብጠቱ ጀርባ ያለውን ያሳያል።

ስለዚህ አንድ ፎቶ አታንሡ። ዘጠኝ አንሡ።

1. ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል ወዳለው የግልገል ጊቤ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሂዱ። ከግድቡ ራቁ። የአካባቢውን ሰዎች አስፈቅዱ። ጉማሬ የት እንደሚወጣም እነሱን ጠይቁ። ለልምምድ ከተማው አጠገብ ቦዬ ረግረግ አለ፤ እዚያም ጉማሬ ስላለ ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ውሃ ዳር አትቁሙ።
2. 5 ኪሎ ሜትር ክፍት ውሃ የሚያሳይ ቦታ በስልክ ካርታ ለኩ።
3. ማዶ ውሃው ጠርዝ ላይ 2 ሜትር እንጨት ይተከል፤ በየ25 ሴንቲ ሜትሩ ቀይና ነጭ ይቀባ። ረዳታችሁ እዚያው ይቁም።
4. ከሦስት ከፍታ አንሡ፦ ከውሃው 30 ሴንቲ ሜትር፣ 1 ሜትር፣ 3 ሜትር። ብርሃን ባይታጠፍ ኖሮ ከመጀመሪያው እንጨቱ 73 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ከሁለተኛው 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሸፈን ነበር፣ ከሦስተኛው ሙሉው ይታያል።
5. ይህንኑ ሦስት ጊዜ ድገሙ፦ ጎህ ከቀደደ በኋላ፣ ቀትር ላይ፣ ከመምሸቱ በፊት።

ፎቶዎቹ እርስ በርስ አይስማሙም። አንዴ ሙሉው እንጨት ይታይ ይሆናል፣ ሌላ ጊዜ እግሩ የተቆረጠ ይመስላል ወይም እንደ ላስቲክ ይሳባል። «ተበላሸ» ብላችሁ አትጣሉ። ዘጠኙን ሦስት በሦስት ደርድራችሁ አንድ ወረቀት ላይ አትሙ፣ እያንዳንዱ ሥር ሰዓትና ከፍታ ብቻ ጻፉ። ከዘጠኙ አንዱን ብቻ መዝዞ የሚያሳይ ሰው የፈለገውን ማሳመን እንደሚችል ተመልካቹ ራሱ ያያል።

## ደረጃ 9፦ የሚያምኑትን ሰዎች ማንሣት

1. ፈቃዱን ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ ለማንሣት፣ ለማተም፣ ኢንተርኔት ላይ ለማውጣት። ለመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው ለሦስተኛው እንቢ ሊል ይችላል። መብቱ ነው። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አታንሡ።
2. በሚመቻቸው ቋንቋ ጠይቁ። አማርኛ የሚመርጥ አለ፣ አፋን ኦሮሞ የሚመርጥ አለ። ትልልቅ ሰዎችን አባባ፣ እማማ፣ ጋሼ ወይም ኦቦ፣ አዴ በሉ። «የሴራ ወሬ» የሚለውን ቃል ፊታቸው አትጠቀሙ።
3. አትከራከሩ። ከመጽሐፍ ጠቅሶ የሚነግራችሁ ሰው ለሃይማኖቱ ነው የቆመው። ዝም ብላችሁ አድምጡ፣ እምነቱን የፎቶ ማስጌጫ አታድርጉት።
4. የሚያምኑትን በራሳቸው የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ያስፍሩ። ወረቀቱን ይያዙት። ቃሉ የእነሱ ይሁን፣ እናንተ አታርሙት።
5. በሰፊ ሌንስ ፊታቸው ድረስ አትጠጉ። አፍንጫ ያሳብጣል፣ ሰውን እብድ ያስመስላል። ስልክ ከሆነ 2 ላይ አድርጋችሁ ራቅ በሉ።
6. ምድር ክብ ናት የሚሉትንም በዚያው ባርጩማ፣ በዚያው ብርሃን፣ በዚያው ርቀት አንሡ። የፊዚክስ መምህሩም፣ የባጃጅ ሹፌሩም፣ እናንተ ራሳችሁም። አንዱን ከታች መብራት፣ ሌላውን በመስኮት ብርሃን ካነሣችሁ ፍርድ ሰጥታችኋል።
7. የታተመውን ፎቶ ቀድማችሁ ለራሱ ለሰውየው ስጡ። ደስ ካላለው አታውጡት።

## ደረጃ 10፦ መምረጥ፣ ማተም፣ ማሳየት

ከ9 እስከ 12 ፎቶ ይበቃል። አንድ ፎቶ ያለ መግለጫው ብቻውን ተቆርጦ ቢሄድ ምን ይላል? ይህን ለእያንዳንዱ ጠይቁ። ስለ ሥራው ለማያውቅ ሰው ያለ አንዳች ቃል አሳዩት። «ይሄ ማስረጃ ነው» ካለ ፎቶውን አስፍታችሁ እንደገና አንሡት ወይም አውጡት፣ የቱንም ያህል ቢያምር።

ኤዲት ላይ ብርሃንና ቀለም ብቻ ንኩ። መስመር አታቃኑ፣ ምንም አታጥፉ፣ አትጨምሩ። ጥሬ ፋይሉ ሳይነካ ይቀመጥ።

ፎቶ ቤት ስትሄዱ መጀመሪያ አንዱን ብቻ አሳትሙ። የምጣዱ ጥቁር ወደ ግራጫ ከሄደ እንፋሎቱ ይሞታል፤ አስተካክላችሁ ሌላውን ቀጥሉ። መግለጫዎቹን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አጭር አድርጉ።

ለማሳያ አዳራሽ አትጠብቁ። ቡና የሚጠጣበት ቤት ግድግዳ ይበቃል፤ ሰው ቁጭ ብሎ ይከራከራል፣ አይቸኩልም። የሲባጎውን ፎቶ መግቢያው ላይ ስቀሉ። አጠገቡ ያንኑ ሲባጎ ወጥሩና ሰው በራሱ ስልክ ይሞክረው።

ፎቶው ካመለጠ፦ አንድ ቀን የእናንተ ምስል «ማስረጃ» ተብሎ ሲዞር ታገኙታላችሁ። አትሳደቡ፣ ፎቶውንም ከገጻችሁ አታጥፉ። ያጠፋችሁት እንደሆነ «ደበቁት» ይባላል። ለዚህ ሲባል እያንዳንዱን ሥራ ስትጨርሱ ከኋላ ሆናችሁ አንድ ሰፊ ፎቶ ጨምሩ፦ ትሪፖዱ፣ መብራቱ፣ ረዳቱ፣ ቦታው ሁሉ የሚታይበት። ያንን ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንድ ምስል ሥሩና ወሬው ወደተለጠፈበት ቦታ ላኩት። ሁለቱ በአንድ ፋይል ውስጥ ይሁኑ፣ ለየብቻ ከላካችኋቸው አንዱ ብቻውን ይሄዳል። ይህን ጥንድ ምስል ሥራውን ገና ከማሳየታችሁ በፊት አዘጋጅታችሁ አስቀምጡት።